የቁም ስፒከር በውጫሌ ሳሎን፦ ለቆራጦች ብቻ

እንኳን ደስ አለዎት። ቁመታቸው ከወገብ የሚያልፍ ሁለት የቁም ስፒከሮች አባዱላ ጣሪያ ላይ ታስረው ከደሴ ውጫሌ በሰላም ገብተዋል። ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፍሎዎታል፤ ካርቶኑን ያየ ጎረቤት «ፍሪጅ ነው?» ሲልዎት «አዎ» ብለው አልፈዋል። ጥሩ አድርገዋል። ዋጋውንም ለማንም እንዳይናገሩ፤ ለባለቤትዎ ደግሞ በተለይ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ግን በአንድ «አዎ» የሚታለፍ አይደለምና፣ ቀጥሎ የተጻፈውን አንድም ሳያጎድሉ ይፈጽሙ።

በቅድሚያ ስፒከሩን ይተዉና የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ያንብቡ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳዑዲ ከርሞ በተመለሰ እህት ወይም ወንድም ሻንጣ ነው። ሳዑዲ ደግሞ ለረጅም ዘመን የቤት መብራቷ 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነበር፤ የእኛው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጀርባው «110» ወይም «127» ብቻ የሚል ካነበቡ ሶኬቱን ይልቀቁ። የቮልት መቀየሪያ ካለው ወደ 220 ያዙሩት፤ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጉለት። ይህን ንቀው ከሰኩት የሚሰሙት ሙዚቃ አንድ «ጧ» ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሽታ ነው።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንግባ። ሳሎንዎ 4 በ 4 ነው። አይከራከሩኝ፣ 4 በ 4 ነው፤ የቤትዎ አናጢ ሌላ ቁጥር አያውቅም።

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 4 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ ገደማ የሆነ ወፍራም ድምፅ ሲለቀቅ የሞገዱ ግማሽ ልክ ግጥም ብሎ ይገባል፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ በራሱ ላይ ይደራረባል፣ ያብጣል። ሳሎኑ 4 በ 5 ቢሆን ኖሮ አንደኛው ጥንድ ግድግዳ በ43፣ ሌላኛው በ34 ኸርዝ ያብጥ ነበርና ጣጣው ይከፋፈል ነበር። 4 በ 4 ሲሆን ግን አራቱም ግድግዳዎች በአንድ ድምፅ ላይ ይስማማሉ። በዚህ አገር አራት ወገን በአንድ ነገር ሲስማማ የሚያዩት እዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ላይ ነው፤ ቅርብ ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ የዘመኑ ዘፈን ቤዝ ወደዚያች ኖታ በወረደ ቁጥር ስፒከሩ ዝም ብሎ ቤቱ ይዘፍናል።

ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለ ክፍል እንዳይሠራ ይመክራሉ። እርስዎ ግን ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ቤት ምርቃቱን በልተውበታል። ግድግዳ ወደ ማፍረስ ከመሄድዎ በፊት አንድ የምሥራች ልንገርዎት። ቤትዎ የጭቃ ቤት፣ ኮርኒሱም ስስ ቺፑድ ከሆነ፣ ባለ ፎቁን ጎረቤትዎን ቀድመዋል። ስስ ሰሌዳ ከጀርባው ባዶ አየር ሲኖረው በቤዝ ይንቀጠቀጣል፤ እየተንቀጠቀጠም ጉልበቱን ይበላለታል። ፈረንጆች ይህንኑ ሠርተው «የቤዝ ወጥመድ» ብለው በውድ ይሸጡታል። ጭድ የተቦካበት ሻካራ ግድግዳም ከተለሰነ ብሎኬት ያነሰ ያስተጋባል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጎረቤትዎ ሴራሚክ ያነጠፈበት አዲስ ሳሎን ይግቡና መሃል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ግድግዳው «ጠ ጠ ጠ ጠ» እያለ ይመልስልዎታል። ለምን እንዳጨበጨቡ ሲጠየቁ ቤቱን እያደነቁ መሆኑን ይናገሩ። እንዲህ ያለ ቤት ያለዎት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ግን የአያትዎን ባና ከሣጥን አውጥተው ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ለሚጠይቅ እንግዳ «ቅርስ ነው» ይበሉ።

ስፒከሩስ የት ይቁም? የስፒከሩ መመሪያ መጽሐፍ ከኋላው ግድግዳ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ይራቅ ይላል፤ የቤዝ ቀዳዳው በጀርባው በኩል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ ራስዎ ያለው ርቀት እኩል ይሁን ይላል፤ 2 ሜትር፣ 2 ሜትር፣ 2 ሜትር። መጽሐፉ የማያውቀው ሳሎንዎ ውስጥ ቡፌ፣ ኤል ቅርጽ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ የቴሌቪዥን ጠረጴዛና ለእንግዳ ተብሎ የተጠቀለለ ፍራሽ መኖሩን ነው። ስፒከሩን ወደ ፊት ሲስቡት አንደኛው በሩ አጠገብ ይቆማል፤ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሱን ነው። ሌላኛው የረከቦቱ ቦታ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ አጥብቀን እናሳስባለን፦ ረከቦቱን ለማዛወር አስበው ከነበረ ሐሳቡን ለማንም ሳይናገሩ ይተዉት። ስፒከሩ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሂድ፤ ሦስት ማዕዘኑ ትንሽ ይንጋደድ፤ ቤትዎ ግን ሰላም ይሁን።

የመቀመጫው ነገር ከዚህ ይከፋል። በእኛ ቤት ሶፋ ከግድግዳ ተጣብቆ ይኖራል። ያ 43 ኸርዝ ያልነው ጉልቤ ደግሞ ኃይሉ ግድግዳ ሥር ነው፤ ክፍሉ መሃል ላይ ሲደርስ ይጠፋል። እናም ሶፋው ላይ የተቀመጡት አጎትዎ «ኧረ ይሄ ነገር ልቤን ሊያወጣው ነው፣ ቀንሰው!» ሲሉ፣ መሃል የቆሙት እርስዎ «ቤዙ የት ሄደ?» ይላሉ። ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት። አስታራቂው ቦታ ከጀርባ ግድግዳ 1.5 ሜትር ገደማ ወደ ፊት ነው። እዚያ ላይ ሶፋ አይቀመጥም፤ በርጩማ እንጂ።

በርጩማን እንዳይንቁ። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ትዊተር የምንላት፣ በቁም ስፒከር ላይ ብዙ ጊዜ ከመሬት ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፊት ለፊት ጆሮ ካላገኘች ማሲንቆው ይደበዝዛል። በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ደግሞ ያው 1 ሜትር አካባቢ ነው። ቤትዎ መጅሊስ ከሆነና ትራስ ተደግፈው የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ጆሮዎ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ትዊተሯ ከራስዎ በላይ አሻግራ ግድግዳውን ታዝናናለች። ያን ጊዜ የስፒከሩን የኋላ እግሮች ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ፊት ያጎንብሱት። ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ ይመስላል፤ በወሎ ደንብ ይህ ነውር የለውም። ከሥሩ ያሉት ሹል ብረቶች ፕላስቲክ ምንጣፉን እንዳይበሱት ከእያንዳንዳቸው ሥር አንድ የብር ሳንቲም ያድርጉ። ለሁለቱ ስፒከር 8 ብር፤ ከጠቅላላው ወጪ ለባለቤትዎ በግልጽ ሊነገር የሚችለው ይኸው ነው።

ሽቦን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪሺያኖች ለሶኬት የሚዘረጉት 2.5 ሽቦ ይበቃል። ድምፅ የሚያጣፍጥ ልዩ ሽቦ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ቡና አጠጥተው ያሰናብቱት። ቁም ነገሩ ቀዩና ጥቁሩ ነው። አንደኛው ስፒከር በትክክል፣ ሌላኛው ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም መሃል መቆሙን ትቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለት ወገን አንድ ነገር ተናገርን እያሉ የተለያየ ሲናገሩ ምን እንደሚከተል ለውጫሌ ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል ምድር ከጣሊያን ጋር በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ቀርቶ፣ ነገሩ የተጣራው በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው። እርስዎ በባትሪ ድንጋይ ማጣራት ይችላሉ። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ፤ ቀዩን ጫፍ በድንጋዩ ጉብ ያለ ራስ፣ ጥቁሩን በጠፍጣፋው በኩል ለቅጽበት ያስነኩ። ስፒከሩ «ጠቅ» ይላል። ትልቁ የቤዝ ወረቀት ወደ እርስዎ ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ ተገልብጧል። ሁለቱም ብቅ እስኪሉ ድረስ ምንም ዓይነት ስምምነት እንዳይፈርሙ። (በነገራችን ላይ ጣሊያን በአንቀጽ 17 ያጣችውን በሌላ በኩል አግኝታዋለች፤ በየሰርጉና በየስብሰባው የሚጮኸው ሞንታርቦ ስሙን የወሰደው ከጣሊያን ኩባንያ ነው።)

ሁሉም ተስተካከለ ብለው ሲያምኑ ዋናው ጠላት ይገለጣል፤ ቡፌ ይባላል። ውስጡ ለእንግዳ ብቻ ተብለው የተገዙ፣ እንግዳ ግን ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ቤዝ የበዛበት ዘፈን ከፍ አድርገው ይክፈቱና ቤተሰቡን ፀጥ ያሰኙ። «ዝዝዝ» ይሰማል። ስፒከሩ ተቀደደ ብለው እንዳይደነግጡ፤ ስፒከሩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። መዳፍዎን ቡፌው መስታወት ላይ ያሳርፉ። ድምፁ ቀጥ ካለ ተከሳሹ ተይዟል፤ መስታወቱ በመንሸራተቻው ውስጥ ላልቶ ነውና ሶፍት አጥፈው ይወሽቁበት። አሁንም ይዝዛል? ስኒዎቹን ይመልከቱ፤ ተነባብረው የተቀመጡት ዘፈኑ አንዲት ኖታ ላይ ሲደርስ ይንጫጫሉ፤ ይነጣጥሏቸው። አሁንም? ቀና ይበሉ። የምርቃት ፎቶዎ፣ ያ ጥቁር ጋዋን ለብሰው የሩቁን የሚመለከቱበት፣ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ግድግዳውን እየደበደበ ነው። ከፍሬሙ ጀርባ በታችኛው ሁለት ማዕዘን ላይ ሶፍት ይለጥፉለት። የመጨረሻው ተጠርጣሪ የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የላላ ሚስማር ለማግኘት አንድ ሰው ጣሪያ ላይ መውጣት አለበት፤ እርስዎ ታች ሆነው ያችኑ ኖታ ደጋግመው ይከፍቱለታል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ቆሞ ያያል። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ለሚል «ኖታ» ብለው ይመልሱ።

ዳንቴልን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ስፒከሩ በተተከለ ማግስት ራሱ ላይ ነጭ ዳንቴል ይለብሳል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቆማል። ዳንቴሉ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ትዊተሯ ላይ ቢወርድ እንኳ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ይተዉት። የአበባ ማስቀመጫው ግን ይንቀጠቀጣልና በድርድር ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ይዛወር። ድርድሩን ባዶ እጅዎን አይጀምሩ።

አሁን ልኩን በምን እንፈትነው? የውጭ መጽሔቶች ለመፈተኛ የሚሆን ጃዝና ሲምፎኒ ይዘረዝራሉ፤ የድምፁ ልክ አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ የተሰማው ነው ይላሉ። ምስኪኖች! ልኩን ለመስማት ቲኬት መቁረጥ አለባቸው። እርስዎ የሚኖሩት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን በተጋራው ወረዳ ነው። ማሲንቆን በሰርግ ቤት አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ሰምተውታል፤ መንዙማን ከነድቤውና ከነጭብጨባው ያውቁታል። ማንም ሻጭ «እንዲህ ነው የሚሰማው» ብሎ ሊያታልልዎ አይችልም፤ ይህ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ አምባሰል ይክፈቱ። ማሪቱ ለገሰን ይክፈቱ። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ብቻ የተራራቁ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰፊ ዝላይ አለ። የቅኝቱ ሆድ የሚያባባ ነገር ያለው እዚያች ጠባብ እርምጃ ላይ ነው። ድምፃዊቷ ከሁለተኛው ወደ መነሻው ስትወርድ ሁለቱ ድምፆች ተለይተው ካልተሰሙ፣ አንዱ በሌላው ላይ ከተለወሰ፣ ስፒከሩ አሁንም ግድግዳ ተደግፏል፤ አንድ ጋት ወደ ፊት ይሳቡት። ማሲንቆው የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ የሚፋተግበት ነውና ሻካራነቱ መሰማት አለበት። እንደ ቫዮሊን ከለሰለሰ ስፒከሮቹን ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጆሮዎ ይመልሱ፤ ጥርስ የሚያስፋጭ ከሆነ ትንሽ ያዙሩባቸው። በመንዙማ ደግሞ ጭብጨባውን ያድምጡ፤ የብዙ ሰው መዳፍ መሆኑ እየተለየ መምጣት አለበት። እነዚህ ሁሉ ከ43 ኸርዝ በጣም ከፍ ብለው የሚኖሩ ድምፆች ስለሆኑ የ4 በ 4 ጣጣ እምብዛም አይነካቸውም። አናጢው ሳያውቀው የማሲንቆ ሳሎን ሠርቶልዎታል።

በበገና ጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዓለሙ አጋ የተጫወተውን፣ በኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበሞች 11ኛ ሆኖ የወጣውን ሲከፍቱ ያ «ዝዝዝ» ተመልሶ ይመጣል። ወደ ቡፌው እንዳይሮጡ። አሥሩ ጅማቶች ከሥር ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ፤ በገናውን የሚያስነዝሩት እነሱ ናቸው። ሶፍት የማይወሸቅበት ዝዝታ ይህ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ፍርድ ግን ለራስዎ ጆሮ አይስጡ። ብዙ የደከመ ጆሮ ጉቦ የበላ ዳኛ ነው። እናትዎ ጓዳ ሲሆኑ አንዲት ሴት ያለ ብዙ አጃቢ የምታንጎራጉርበትን ዘፈን በልኩ ከፍተው ዝም ይበሉ። እናትዎ «ማነው የመጣው?» ብለው ከጠየቁ ሥራው አልቋል። «ያንን ነገር ዝጋልኝ» ካሉ ከሳንቲሞቹ ይጀምሩ።

ከቴሌግራም የወረደ ዘፈን ሲከፍቱ ደግሞ ልብዎን ያጽኑ። ያ ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወደ ስልክ ሲገለበጥ የኖረ ነው። ትንሿ የብሉቱዝ ስፒከር ጉዱን ሸፍናለት ኖራለች፤ የቁም ስፒከሩ አይሸፍንም። ሹክሹክታውን፣ የቴፑን መጎተት፣ አንዳንዴም ከሩቅ የሚጮህ አውራ ዶሮ ያሰማዎታል። ዶሮውን በኢኳላይዘር ለማጥፋት እንዳይሞክሩ፤ ዘፋኙም አብሮ ይሄዳል።

ጊዜን በተመለከተ ጥቂት እንበል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ እርስዎ ቤትና ጎረቤት ቤት ባንድ ላይ ከተጣደ ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፕሊፋየሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ስታብላይዘር ይረዳል። ቢሆንም የመጋገሪያ ቀን ሙዚቃ የማይሰማበት ቀን ይሁን፤ ክርክር ቢያነሱ እንጀራው ያሸንፋል። አስፋልቱ ዳር ከሆኑ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ሲኖትራክ የራሱን ቤዝ ይዞ ይመጣል፤ ባጃጁም የራሱን ዘፈን። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚወዳደረው ስፒከር አልተሠራም፤ አይታገሉ፣ ነቅለው ይተኙ።

የቀረው አንድ አደጋ ነው፤ ከቮልቱም ከቡፌውም ይብሳል። ወሬው ይወጣል። ፍሪጅ አለመሆኑ ይታወቃል። አንድ ቀን የሚያከብሯቸው ሰው በር ላይ ቆመው፣ ከቤተሰብዎ ጤና ጀምረው፣ ስለ አዝመራው አውርተው፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ «ያቺ የልጅቷ ሰርግ እኮ ደረሰች» ይላሉ። ነገሩ የት እንደሚሄድ ገብቶዎታል። «ለአንዲት ማታ ብቻ» ይላሉ። ያስተውሉ፦ የሳሎን ስፒከር ለድንኳን አልተሠራም። ዲጄው ድምፁን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፤ ትንሹ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ እየቆረጠ ይለቃል፤ የተቆረጠው ድምፅ የሚያቃጥለው ደግሞ ያቺኑ ስስ ትዊተር ነው። ትልቁ ቤዝ እየደለቀ ስለሚቀር ማንም አያውቅም፤ ስፒከሩ «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ በክብር ይመለሳል፤ ማሲንቆው የጠፋው እርስዎ ቤት ሲገባ ነው።

እምቢ ማለት አይችሉም፤ በወሎ እንዲህ ያለ ቃል ለሽማግሌ አይነገርም። ስለዚህ ቀድመው ይዘጋጁ። ለሰርጉ የሚሆን ገንዘብ አሁኑኑ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሽማግሌው መጥተው ሳይጨርሱ «የሙዚቃውን ነገር ለእኔ ይተዉት» ይበሉ፤ ከደሴም ቢሆን ሞንታርቦ ተከራይተው በራስዎ ወጪ ድንኳኑ ድረስ ያድርሱ። ከአዲስ ትዊተር ይረክሳል።